የሚበትን ወይስ የሚወረውር? ለደሴ ጨለማና ለማሽላ ጥበቃ የእጅ ባትሪ ልገዛ ነው

የሆጤ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የእጅ ባትሪ ልገዛ ብዬ ግራ ገብቶኛል። የምፈልገው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ ለራሴ። ቤቴ ከአስፋልቱ ወደ ላይ በድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት ሰፈር ነው፣ ለሱብሂ ሶላት ስወጣ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃውና ጉሙ ይጨመራል። መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥም የምጠቀመው እሱኑ ነው። ሁለተኛው ለአጎቴ። እሳቸው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ማሽላ አላቸው፣ እሸት ሲይዝ ማታ ማታ ማማ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ጃርቱና የዱር አሳማው አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ከማማው እስከ ማሳው ዳር 100 ሜትር ያህል ይሆናል።

ሱቅ ስጠይቅ አንዱ ይሄ በደንብ ይበትናል ይለኛል፣ ሌላው ይሄኛው ኪሎሜትር ይሄዳል ይለኛል። የሁለቱም ካርቶን ላይ ብዙ ሺህ ሉመን ተጽፏል። አንድ ዓይነት ገዝቼ ለሁለታችን ይሆናል ወይስ የተለያየ ልግዛ? የምታውቁ አስረዱኝ፣ ረዘም አድርጋችሁ ብትጽፉም አነባለሁ።

ቦርከና ማዶ

ሰላም ወንድሜ። ለአንተ የሚበትነውን፣ ለአጎትህ የሚወረውረውን ግዛ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ያገኘኸውን ባትሪ ነጭ ግድግዳ ላይ አብራና እየው። መሃል ላይ ደመቅ ያለ ክብ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ ሳሳ ያለ ሰፊ ብርሃን። መሃሉ ትንሽና በጣም ደማቅ ከሆነ ወርዋሪ ነው። መሃሉና ዳሩ እምብዛም ካልተለያየ በታኝ ነው። ይሄን የሚወስነው በአብዛኛው ከኤልኢዲው (ብርሃን ከምትሰጠው ትንሽ ቁራጭ) ፊት ያለው ነገር ነው። ጥልቅ፣ ሰፊና ልሙጥ ሪፍሌክተር (ኤልኢዲውን የከበበው የሚያንጸባርቅ ሳህን) ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ሩቅ ይልከዋል። አጭር ሪፍሌክተር ወይም ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሻከረ ደግሞ ያለሰልሰዋል። ኤልኢዲው ራሱም ድርሻ አለው፣ ብርሃን የሚወጣበት ገጽ ትንሽ በሆነ ቁጥር ለመሰብሰብ ይቀላል። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ኤልኢዲው ትንሽ የሆነ ባትሪ ካየህ ሩቅ የሚሄድ ነው ብለህ መገመት ትችላለህ።

አንተ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ማየት የምትፈልገው ከእግርህ ጀምሮ እስከ 10 እና 15 ሜትር ያለውን ነው። በዚያ ርቀት ወርዋሪ ብታበራ ክቡ ውስጥ ያለው ድንጋይ ብቻ ቦግ ይላል፣ ዓይንህ ለእሱ ሲል ይጠብና ከክቡ ውጪ ያለው ቦይ ይጠፋብሃል። ውሻ ከጎን ቢመጣም አታየውም። አንተን የሚያስፈልግህ ሰፊና ወጥ የሆነ ብርሃን ነው፣ ብዙ ጉልበትም አይፈልግም።

አራዳ ታችኛው

ዋናው ሉመን ነው። ከፍተኛ ሉመን ያለውን ከገዛህ ሰፊም ይሆናል ሩቅም ይሄዳል። ለምን ታወሳስቡታላችሁ?

ቦርከና ማዶ

@አራዳ ታችኛው እንደዚያ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላ ነው፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግርህም። ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ የሚነግርህ ካንዴላ ነው። አንድ ዓይነት ሉመን ያላቸው ሁለት ባትሪዎች አንዱ 2,500 ካንዴላ ሌላው 40,000 ካንዴላ ሊሆኑ ይችላሉ።

ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል1 የሚባል በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣ መለኪያ አለ። ደህና አምራቾች ካርቶን ላይ የሚጽፉት በእሱ ለክተው ነው። በዚህ መለኪያ ርቀት ማለት ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) የሚወርድበት ቦታ ነው፣ ጥርት ባለ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠው ጋር የሚቀራረብ። ስሌቱ ቀላል ነው፣ የካንዴላውን ስኩዌር ሩት ታወጣና በ2 ታባዛለህ። 2,500 ካንዴላ 100 ሜትር ይሰጥሃል። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር። 40,000 ካንዴላ 400 ሜትር። ርቀቱ እጥፍ እንዲሆን ካንዴላው አራት እጥፍ ማደግ አለበት ማለት ነው። ሪፍሌክተሩና ኤልኢዲው ያው ሆኖ ሉመኑን ብቻ እጥፍ ብታደርገው ርቀቱ የሚያድገው 1.4 ጊዜ ያህል ነው።

ሌላው፣ 0.25 ሉክስ ላይ ጃርትን ከድንጋይ አትለይም። የሆነ ነገር እንዳለ ታያለህ እንጂ ምን እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ርቀት ለሁለት ክፈለው፣ አንዳንዴ ለሦስት። አጎትህ 100 ሜትር ላይ ያለውን ለይተው እንዲያውቁ ከ250 ሜትር በላይ የተጻፈበት ያስፈልጋቸዋል፣ እሱም እውነተኛ ቁጥር ከሆነ።

ሐረጎ ላይ ታች

ደሴ ኮምቦልቻ የምመላለስ ሹፌር ነኝ፣ ስለ ጉም ጠይቀሃልና እኔ ልመልስልህ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ መሃሉ 25 ኪሎሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ በመሃል ባለው የሐረጎ ዳገት ታቹ ጥርት ብሎ ላዩ ምንም የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጉም ውስጥ ሰፊ ብርሃን ከዓይንህ አጠገብ ካበራህ የምታየው ጉሙን ራሱን ነው። ጠብታዎቹ ብርሃኑን ወደ አንተ ይመልሱታል፣ መንገዱ ይጠፋል። የግንባር ባትሪ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ምክንያቱም ብርሃኑና ዓይንህ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፣ በብርድ ጊዜ ትንፋሽህም ጭምር እየበራ ፊትህን ይጋርዳል። መፍትሄው ጠበብ ያለ ብርሃን ይዘህ እጅህን ወደ ታች፣ ከወገብህ በታች አውርደህ ወደ መሬት ማብራት ነው። የመኪና የጉም መብራት ከታች የሚገጠመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጉልበቱንም ቀንስ። ጉም ውስጥ ብርሃን በጨመርክ ቁጥር የምታየው ይቀንሳል።

ቢጫ መብራት ጉም ይቀድዳል የሚሉ አሉ። የጉም ጠብታ ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ቀለም ከሞላ ጎደል እኩል ነው የሚበትነው። ቢጫው ለዓይን ስለማይከብድ ደስ ይል ይሆናል እንጂ ጉሙን አያልፍም።

ጎማ ለመቀየር ግን በታኝ ነው የሚያዋጣው። ጎማውንም፣ ክሪኩንም፣ መሬት ላይ ያስቀመጥከውን ብሎንም አንድ ላይ ማየት አለብህ። በወርዋሪ ብሎን ስትፈልግ ታመሻለህ።

አንድ ነገር አደራ። መንገድ ዳር የምትሄዱ ሰዎች፣ መኪና ሲመጣ ባትሪውን ወደ ሹፌሩ ዓይን አታብሩ። እንዲያያችሁ ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። እኛ ግን ያኔ ጭራሽ አናያችሁም። እግራችሁ ላይ አብሩት፣ ልብሳችሁ ሲበራ እናያለን።

ፌዝና ኒውትራል

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የ@ቦርከና ማዶን ሐሳብ እደግፋለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ የብርሃኑ ቀለምም ይታይ።

ርካሾቹ ባትሪዎች አብዛኞቹ ሰማያዊ የሚያጠቃው ነጭ ናቸው፣ 6,500 ኬልቪንና ከዚያ በላይ (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል)። በዚያ ብርሃን ፓነል ቦርድ ከፍተህ ስታይ ቡኒውና ቀዩ ሽቦ ይቀላቀሉብሃል፣ አሮጌ ሽቦ ከሆነማ አስበው። እኔ የምፈልገው ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ያለውን፣ ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር ደግሞ 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ሲአርአይ ብርሃኑ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካበት ነው። ከፍ ሲል ሉመኑ ትንሽ ይቀንሳል፣ በቅርብ ለሚሠራ ሰው ግን ምንም አይደል። የሆጤው ወንድሜም በደረጃው ላይ ልዩነቱን ያየዋል። ጭቃና እርጥብ ድንጋይ፣ ቅጠልና ጉድጓድ በቀለም ነው የሚለዩት፣ በሰማያዊው ብርሃን ሁሉም አመድ መሳይ ይሆናል።

የቃሉ ገበሬ ልጅ

እኔ ደግሞ ስለ አጎትህ ልናገር፣ አባቴም ማሽላ ጠባቂ ነው፣ ነገሩን አውቀዋለሁ።

ብዙ ሰው በዓይናቸው ብልጭታ እናገኛቸዋለን ይላል። ልክ ነው፣ የጅብ፣ የውሻ፣ የድመት፣ የከብት ዓይን ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፣ ከሩቅ ሲበራበት ይንቦገቦጋል። ለዚህ ብዙ ካንዴላም አያስፈልግም። የአሳማ ዓይን ግን ይሄ ሽፋን የለውም። ብልጭታ ሲጠብቁ እሱ ማሳውን ያወድመዋል። የአሳማን አካሉን ነው ማየት ያለብህ፣ አካሉን ለማየት ደግሞ በቂ ብርሃን እዚያ ድረስ መድረስ አለበት። ስለዚህ ለአጎትህ ወርዋሪ የግድ ነው።

አያያዙም ይለያያል። ዓይን ለመፈለግ ባትሪውን ከዓይንህ ጎን፣ ጉንጭህ አጠገብ ነው የምትይዘው፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ተመልሶ የሚመጣው ወደ መጣበት ነው። መሬት ለማየት ግን ወገብህ ጋ አውርደው። ዝቅ ሲል እያንዳንዷ ጠጠርና ጉድጓድ ጥላ ይኖራታል፣ ያኔ ከፍታና ዝቅታው ይለያል። ከዓይን አጠገብ ሲበራ ጥላው ከድንጋዩ ጀርባ ይደበቅና መሬቱ ሜዳ መስሎ ይታያል፣ እግር የሚሰበረው ያኔ ነው። የሆጤው ወንድሜም ደረጃህ ላይ ሞክረው።

በተረፈ አባቴ ሌሊቱን ሙሉ አያበራም። ጆሮውን ይጥላል፣ አገዳ ሲንኮሻኮሽ ወደዚያ ያበራል፣ ይጮኻል፣ ያጠፋል። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ዝም ብሎ የሚያበራ ጠባቂ ከብርሃኑ ውጪ ያለው ሁሉ ይጠፋበታል።

ሸርፍ ተራ

ዙም ያለውን ለምን አትገዙም? ፊቱን ስትጎትተው ይጠባል፣ ስትመልሰው ይሰፋል። አንዱን ገዝተህ ሁለቱንም ሥራ ይሠራልሃል። ሱቅ ሁሉ ሞልቷል።

ቦርከና ማዶ

@ሸርፍ ተራ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ብዙ ሰው የሚገዛውም እሱን ነው። ለቤት ክፉ አይደለም። ሰፋ ሲደረግ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ክብ ይሰጣል፣ በቅርብ ለመሥራት ደስ ይላል።

ችግሩ ሲጠብ ነው። ሌንሱ ከኤልኢዲው ሲርቅ ወደ ጎን የሚሄደው ብርሃን ሌንሱ ላይ ሳይደርስ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ብዙው እዚያው ውስጥ ይባክናል። ግድግዳ ላይ አጥብበህ ብታየው አራት ማዕዘን ነገር ታያለህ፣ እሱ የኤልኢዲው የራሱ ምስል ነው። ከዚያች አራት ማዕዘን ውጪ ምንም ብርሃን የለም። አጎትህ ማሳው ዳር አብርተው ከማማው ልውረድ ቢሉ መሰላሉን አያዩትም። ሪፍሌክተር ያለው ወርዋሪ ግን መሃሉ ሩቅ ሲሄድ የዳሩ ብርሃን እግር ስር ያለውን ያሳያል፣ ለእሳቸው ሁለቱም ያስፈልጋል። ቃሉ ውስጥ ደግሞ እባብም አለ።

የሚንሸራተት ፊት አቧራና ውሃም ያስገባል። ሲጎተትና ሲመለስ አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር ሌላውም ይገባል። በክረምት ለሚጠቀም ሰው አልመክርም።

ሸርፍ ተራ

የመሰላሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እኔ ግን ለቤት ወድጄዋለሁ፣ ለልጆች ጥናት ሰፋ አድርጌ ነው የማበራው።

የማታ ተረኛ

ነርስ ነኝ፣ የማታ ተራ ሲኖረኝ በጨለማ ነው የምገባው የምወጣው። ወንዶቹ ስለ ሩቁ አውርታችኋል፣ እኔ ስለ ቅርቡ ልናገር።

ባትሪ ስትገዛ ከፍተኛውን ብቻ አትይ፣ ዝቅተኛው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቅ። ሌሊት ሕፃን ለማየት፣ መድኃኒት ለመፈለግ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ከ1 እስከ 5 ሉመን ይበቃል። ዝቅተኛው ራሱ 100 ሉመን የሆነ ባትሪ ቤተሰቡን በሙሉ ነው የሚቀሰቅሰው። ዝቅተኛው ላይ ደግሞ የባትሪው ድንጋይ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ወደ ኮርኒሱ አብራው። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ክፍሉ በሙሉ በእኩል ይበራል፣ ዓይን የሚወጋ ነገር የለም፣ እራትም ይበላል። ስለዚህ ቂጡ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቆም ግዛ። በዚህ መንገድ ወርዋሪም ቢሆን በታኝ ይሆናል። ሌላው ዘዴ ፊቱ ላይ ነጭ ስስ ፌስታል መሸፈን ነው፣ በዝቅተኛው ጉልበት ብቻ ግን፣ ከፍተኛው ላይ ይሞቅና ፌስታሉ ይቀልጣል።

ለሴቶች አንድ ነገር ልበል። ብቻሽን ስትሄጂ ሰፊ ብርሃን ያረጋጋል። ግራና ቀኝ፣ አጥርና በር፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ ታያለሽ። ጠባቡ ብርሃን ግን ያበራሽበትን ብቻ ነው የሚያሳይሽ፣ ጎንና ጎንሽን እንድትጠረጥሪ ያደርግሻል።

የሆጤ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። በጣም ነው የተማርኩት። የቀረችኝ ጥያቄ የድንጋዩ ነገር ናት። አጎቴ ጋ መብራት የለም፣ ስልክም በትንሽ ሶላር ነው ቻርጅ የሚያደርጉት። ሱቅ ውስጥ 9,900 የሚል ድንጋይ አሳይተውኛል፣ እሱን ልውሰድ?

ፌዝና ኒውትራል

አትውሰድ። ያ 18650 የሚባለው ነው፣ ወርዱ 18 ሚሊሜትር ቁመቱ 65 ሚሊሜትር የሆነው ሊቲየም። በዚህ መጠን ደህና የሚባሉት አብዛኞቹ 3,500 ሚሊአምፒር አወር (የድንጋይ የመያዝ አቅም መለኪያ) ገደማ ቢይዙ ነው። 9,900 የሚል ካየህ ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ውስጡ ያለው ከ3,500 በጣም ሊያንስ ይችላል። በእጅህ መዝነው፣ ጤነኛው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በጣም ከቀለለህ ተወው።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ድንጋይ የሚሸጡም አሉ። ለአጎትህ እሱን አትላክ። ሁለትና ሦስት ድንጋይ ተደርድሮ የሚገባበት ባትሪም ይቅር፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይገፋዋል፣ ሊቲየም ላይ ይሄ አደገኛ ነው። ባለ አንድ ድንጋይ ይሁን፣ ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ራሱ ባትሪው ላይ ይኑር፣ በስልኩ ሶላር ይሞላል። ትርፍ ድንጋይ ሲይዙ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ እንዳይጨምሩት ንገራቸው፣ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ይቃጠላል። ትንሽ የፕላስቲክ ማቀፊያ አለው፣ እሱን ግዛላቸው።

እና በመካከለኛው ጉልበት ይጠቀሙ። @ቦርከና ማዶ ያለውን ስሌት ገልብጠህ አስበው፣ ብርሃኑን በግማሽ ብትቀንሰው ርቀቱ የሚቀንሰው 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ ድንጋዩ ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ይቆያል። ከፍተኛው ላይ ዝም ብለው ቢያበሩትም ደቂቃዎች ሳይቆይ ስለሚሞቅ ራሱ ይቀንሳል፣ ትንሽ አካል ያን ያህል ሙቀት አይችልም።

የሆጤ ልጅ

ገባኝ። ለራሴ አጠር ያለ፣ ሸካራ ሪፍሌክተር ያለው፣ ዝቅተኛው በጣም ዝቅ የሚል። ለአጎቴ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ባለ አንድ 18650፣ ዙም የሌለው። ቅዳሜ የፒያሳና የሰኞ ገበያ ሱቆችን ዞሬ አያለሁ። ግን ካርቶኑን ካላመንኩ ሱቅ ውስጥ በቀን እንዴት ነው የምለየው?

ቦርከና ማዶ

ስልክህ ላይ ሉክስ ሜትር የሚባል አፕ አውርድ። ከተለመዱት ስሞች ማየት ከፈለግህ ኮንቮይ ኤስ2 ፕላስ ለአንተ ዓይነት ሥራ፣ ኮንቮይ ሲ8 ፕላስ ለአጎትህ ዓይነት ሥራ የሚሆኑ ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ 18650 ነው የሚሠሩት፣ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ እንዳለው ግን አረጋግጥ። ሌላ ስም ቢሆንም መለኪያው ያው ነው።

ሱቁ ጨለም ያለ ጓዳ ካለው ባለሱቁን አስፈቅድና 5 ሜትር ለካ። ስልኩን አንዱ ጫፍ ላይ ያዝ፣ ፊቱ ላይ ከላይ በኩል ያለችው የብርሃን ሴንሰር ወደ ባትሪው ትዙር። ባለሱቁ ከሌላው ጫፍ የብርሃኑን መሃል ስልኩ ላይ ያብራልህ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያደረገ ትልቁን ቁጥር ፈልጉ። ኤፍኤል1 ሲለካ ካበሩት ከ30 ሰከንድ በኋላ ስለሆነ አንተም ትንሽ አቆይተህ አንብብ። ያገኘኸውን ሉክስ በ25 አባዛው፣ 5 በ5 ስለሆነ፣ ካንዴላው እሱ ነው። 400 ሉክስ ካነበብክ 10,000 ካንዴላ ነው፣ 200 ሜትር። 800 ካነበብክ 20,000 ነው፣ ወደ 280 ሜትር፣ 100 ሜትር ላይ 2 ሉክስ ያደርሳል።

የስልክ ሴንሰር ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም፣ ሁለት ባትሪ ለማወዳደር ግን በደንብ ይበቃል፣ በአንድ ስልክ እስከለካህ ድረስ። ለአጎትህ ከ800 በታች የሚያነበውን አትውሰድ። ለራስህ የምትገዛውን በሉክስ አትለካው፣ ግድግዳ ላይ በአንድ ሜትር ርቀት አብራውና መሃሉ ዓይንህን ካልወጋው፣ ዳሩም ሳይቆራረጥ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ክፈልና ውጣ።